ጢስና ጎጆ፦ የቤት ውስጥ አየር በኢትዮጵያ ታሪክ

በደጋው አገር ማለዳ ከኮረብታ ላይ ሆኖ መንደር ለሚመለከት መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ጢስ ነው። ከእያንዳንዱ ጎጆ ክዳን እየሾለከ፣ ከጉሙ ጋር እየተቀላቀለ ወደ ላይ የሚወጣው ይህ ሰማያዊ ጢስ ቤቱ ሰው እንዳለበት፣ እሳቱ እንዳልጠፋ፣ ምጣዱ እንደተጣደ ይናገራል። ባለቅኔውም ሆነ ሠዓሊው ይህን ጢስ የሰላምና የጥጋብ ምልክት አድርገው ደጋግመው ሥለውታል። ይሁንና አብዛኞቹ የሣሉት ከውጭ ሆነው ነው። ከውስጥ፣ ከጉልቻው አጠገብ ተንበርክካ፣ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እሳቱን እፍ የምትለው ሴት ስለዚያው ጢስ ብትጠየቅ ኖሮ የምትሰጠው ሥዕል ከዚህ የተለየ በሆነ ነበር።

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በዐደባባይ ስለተፈጸመው ነገር ነው። ዘመቻው፣ ሹመቱ፣ ውሉና ዐዋጁ ይመዘገባሉ። ሰው ግን የዕድሜውን ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው ከጣሪያ በታች ነው፤ የሚተነፍሰውም ጣሪያው ያቆረውን አየር ነው። ስለሆነም የቤት ውስጥ አየር እንደ መሬቱና እንደ ግብሩ ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። ማን ንጹሕ አየር እንደተነፈሰ፣ ማንስ በጢስ እንደታፈነ መመርመር ኅብረተሰቡ ሥራንና ዕረፍትን፣ ክብርንና ድካምን እንዴት አከፋፍሎ እንደኖረ መመርመር ነው።

ጢስ እንደ ሕግ

በአማርኛ ጢስ የእሳት ተረፈ ምርት ብቻ ሆኖ አልኖረም። ሕግም ነበረ። በሌላው መሬት ላይ እያረሰ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚያካፍለው ገበሬ ለብዙ ዘመን የተጠራበት ስም «ጭሰኛ» መሆኑ የታወቀ ነው። ቃሉ ከጭስ፣ ማለትም ከጢስ የወጣ ነው። ጭሰኛ ማለት በርስቱ ባልሆነ መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ጉልቻ ጎልቶ ጢስ የሚያጤስ ሰው ማለት ነው። በልዩ ልዩ ዘመንና አውራጃም ግብር በመሬት ስፋት ብቻ ሳይሆን በጢስ፣ ይኸውም እሳት በሚነድበት ቤት ቁጥር ይተመን እንደነበር የታሪክ መዛግብት ያስረዳሉ። ግብር ሰብሳቢው የቤተ ሰቡን አባላት አንድ በአንድ መቁጠር አላስፈለገውም። ከክዳኑ ላይ ጢስ ከታየ በውስጡ ግብር የሚከፍል አባወራ አለ ማለት ነበር።

የትዳርም ሕግ ከዚሁ ከእሳት ዙሪያ አይርቅም። ወንድና ሴት ሲጋቡ «ጎጆ ወጡ»፣ «ሦስት ጉልቻ መሠረቱ» ይባላል። ከሦስት ድንጋይ የተሠራው ይህ ምድጃ የአንድ አዲስ ቤት መኖር ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ጭሰኝነት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ አክትሟል። ሦስቱ ጉልቻ ግን ከዐዋጁ በኋላም በቦታቸው ቆይተዋል። በጢሱ ስም ለባለመሬቱና ለመንግሥት ሲከፍል የኖረው አባወራው ነበረ፤ የጢሱን ግብር በዐይኗና በሳንባዋ ስትከፍል የኖረችው ግን ሚስቱ ነበረች። ይህን ሁለተኛውን ግብር የሻረ ዐዋጅ አልወጣም።

ጎጆው እንዴት ይተነፍስ ነበር?

የደጋው ጎጆ የተሠራበትን ብልሃት ሳይረዱ ጢሱን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ግድግዳው ተማግሮ፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመርጎ ይቆማል፤ መካከሉ በምሰሶ ይደገፋል፤ ክዳኑ በሣር ይከደናል። በር አንድ ነው። መስኮት በአብዛኛው የለውም። ለመስኮት አለመኖር ምክንያቱ ብዙ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር የሌሊቱ ብርድ ከባድ ነው። ጅብና ሌባ አለ። በሽታ ከነፋስ ይመጣል፣ ምች ይመታል የሚለው እምነትም ሰው የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ እንዲደፍን ያደርገዋል።

ሆኖም ይህ ቤት ፈጽሞ አይተነፍስም ማለት አይደለም። የሣሩ ክዳን ራሱ ሳንባ ነበረ። ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ውስጥ እየተጣራ ቀስ እያለ ይወጣል። በሚወጣበትም ጊዜ ሥራ ይሠራል። ሣሩን ያደርቃል፤ ማገሩንና ወጋግራውን በጥላሸት እየቀባ ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል። በቆላው ዳርቻ የወባ ትንኝን ያርቃል። ለዘር የተመረጠው የበቆሎ ዛላ ከምድጃው በላይ የሚሰቀለው ነቀዝ እንዳይበላው ነው። ወለሉና ግድግዳው በእበት የሚለቀለቀውም አቧራው እንዳይነሣ፣ ስንጥቁም እንዲደፈን ነው። ስለዚህ አያቶች ጢስን ከቤታቸው ያላስወጡት ከስንፍና ወይም ካለማወቅ ብቻ አልነበረም። ጢሱ ለቤቱ ዕድሜ ይጨምርለት ነበር። ችግሩ ለቤቱ የጨመረውን ዕድሜ ከነዋሪዋ መቀነሱ ላይ ነው።

ወደ ማታ ሲሆን ደግሞ ከብቱ ይገባል። በብዙ የደጋ አካባቢ በግና ፍየል፣ ጥጃና በቅሎ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል፤ ከሌባም ይጠበቃሉ። በላሊበላ ከተማ ዛሬም የሚታዩት ክብ የድንጋይ ቤቶች ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ናቸው። ባለ ሁለት ፎቅ ሆነው ሲሠሩ ታችኛው ለከብት፣ ላይኛው ለሰው ተመድቧል። ሰውና ከብት ሳይራራቁ እንዲለያዩ የተደረገበት ይህ አሠራር የአገሬው ግንበኛ ስለ ቤት ጤና ማሰቡን ያመለክታል።

ጥላሸትና ብራና

ስለ ጢስ ሲነገር ሥነ ጽሑፍ ያለበት ዕዳ መዘለል የለበትም። በገዳማትና በአድባራት የተጻፉት የብራና መጻሕፍት ጥቁር ቀለም ዋና መሠረቱ ጥላሸት ነው። ከምጣድና ከድስት ቂጥ፣ ከጣሪያም የተፋቀው ጥላሸት ከተቆላ እህልና ከዕፀዋት ቅመም ጋር እየተዋሐደ፣ ለረጅም ጊዜ እየታሸና እየበሰለ ቀለም ይሆናል። መቶ ዓመታት ሳይደበዝዝ የሚኖረው ይህ ቀለም ከየማድ ቤቱ የተሰበሰበ ነው።

እንግዲህ አንድ ጸሐፊ በሸምበቆ ብዕሩ ጠቅሶ ስለ ቅዱሳንና ስለ ነገሥታት ሲጽፍ፣ የሚጽፍበት ጥቁረት ስሟ በመጽሐፉ ውስጥ የማይገኝ ሴት ያነደደችው እሳት ውጤት ነው። በጣሪያው ላይ ያረፈው ጥላሸት መጽሐፍ ሆኖ በክብር ተቀመጠ። በሳንባዋ ላይ ያረፈው ግን ሳል ሆኖ አብሯት ተቀበረ። የአገሪቱን የጽሑፍ ቅርስ ታላቅነት የሚያደንቅ ትውልድ ይህንንም የታሪኩ ክፍል አድርጎ ሊቀበለው ይገባል።

አዳራሹና ማድ ቤቱ

ጢስን ከመኖሪያ መለየት እንደሚቻል የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲል በጎንደር ማስገንባት የጀመሯቸው ግንቦች ሰፋፊ መስኮቶችና ከፍ ያሉ ጣሪያዎች አሏቸው። በኋላም በዐፄ ምኒልክ ግቢ ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ጠላ ቤቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቤትና የየራሳቸው ሠራተኛ ነበራቸው። ግብር በሚበላበት ቀን በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት በታላቁ አዳራሽ ሲስተናገድ፣ እንጀራው የተጋገረበት ጢስ ወደ አዳራሹ አይደርስም ነበር።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነጥብ አለ። መኳንንቱ ጢሱን ከራሳቸው አራቁት እንጂ አላጠፉትም። ከአዳራሹ የወጣው ጢስ በእንጀራ ቤቱ ውስጥ ተከማችቶ የጋጋሪዎቹና የወጥ ሠሪዎቹ ድርሻ ሆነ። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ነበሩ። በዚህም አኳኋን አየር እንደ መሬት ሁሉ ተከፋፈለ። የጌታው ሳንባ ከአሽከሩ ሳንባ ተለየ። ጌታ ለመሆን ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ከምድጃ ርቆ መቀመጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድኃው ገበሬ ግን ሁለተኛ ቤት ለመሥራት ዐቅሙም እንጨቱም ስላልነበረው ምግቡን የሚያበስልበት፣ የሚያድርበት፣ የሚወልድበትና የሚታመምበት ክፍል ያው አንዱ ክፍል ሆኖ ቀረ።

ጢስ እንደ መድኃኒት

በኢትዮጵያ ውስጥ ጢስ ጎጂ ነው የሚል ትምህርት ዘግይቶ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ጢስ መድኃኒት ነበረ። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ ይታጠናል። ቀበርቾ ተጢሶ ክፉ ዓይንንና በሽታን ያባርራል ይባላል። በወሎና በሌላውም አካባቢ ሴቶች በወይባ ጢስ ሰውነታቸውን ይታጠናሉ። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቡና ሥርዓት ዕጣን ይጤሳል። መጥፎ ጠረን የበሽታ ምንጭ ነው፣ መልካም መዓዛም በሽታን ይሽራል የሚለው አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ብቻ የነበረ አይደለም። እንግሊዞች በ1665 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለንደንን ወረርሽኝ ባጠፋት ጊዜ አየሩን ለማጽዳት በየጎዳናው እሳት አንድደዋል።

በዚህ ረገድ የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የጻፈው ታሪክ ትኩረት የሚስብ ነው። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በየካቲት ጎንደር ሲደርስ ከተማይቱን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙትን ልጆች እንዲያክም ሲታዘዝ በመጀመሪያ ያደረገው መድኃኒት መስጠት አልነበረም። በሮችንና መስኮቶችን በሙሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በብዙ ዕጣንና ከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤም አሳጠበ። በዚህ አንድ ተግባር ውስጥ ሁለት ዘመናት ተገናኝተዋል። ዕጣኑ ያለፈው ዘመን መድኃኒት ነበረ። የተከፈተው መስኮት የሚመጣው ዘመን መድኃኒት ነበረ። ብሩስ ሁለቱን አልለያቸውም፤ በዘመኑ ሊለያቸው የሚችል ሐኪም በአውሮፓም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ልዩነት የደረሰው መቅሠፍት ግን ከብሩስ ፈንጣጣ ይልቅ በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ ጠልቆ ቀርቷል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን የጨረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ከሳምንታት ባልበለጠ ጊዜ በከተማይቱ ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። ሐኪሙ ጥቂት ነበረ፤ ቀባሪም ጠፋ። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነበርና ከሁሉ የበረታው ብዙ ሰው በአንድ ዝግ ክፍል ተጨናንቆ በሚያድርበት ቤት መሆኑን ለመገመት አያዳግትም። ብርድን የፈራው ሰው በሩን ዘጋ፤ የተዘጋው በር ደግሞ ትንፋሹን ከታማሚው ወደ ጤነኛው አመላለሰ።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠራርጎ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ በብዙኃኑ ዘንድ ከዚያ መቅሠፍት ጋር ይያያዛል። ልማዱ ሁለት ነገሮችን በአንድነት የያዘ ነው። አንደኛው ጽዳት ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ግቢውንና ሰፈሩን መጥረጉ ታላቅ ቁም ነገር ነው። ሁለተኛው ጢሱ ነው። ኅዳር የበጋው መግቢያ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ወር በመሆኑ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ጢሱን ወደ ላይ አያሳልፈውም። ማታ የተነሣው ጢስ እስከ ማለዳ በከተማይቱ ላይ ያንዣብባል። የጥንቱ ቆሻሻ ቅጠልና ገለባ ነበረ፤ ዛሬ ፕላስቲክና ጎማ ተጨምሮበት መርዝነቱ በርክቷል። በሽታን ለማስወጣት የታጠነው ሰፈር በሽታን ሲተነፍስ ያድራል። በቅርብ ዓመታት ቆሻሻው ከመቃጠል ይልቅ ተለይቶ እንዲወገድ ጥሪ መቅረብ የጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። መጥረጊያውን ይዞ ክብሪቱን ማስቀመጥ የሙታኑን መታሰቢያ አያጎድልም።

ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮና ከሰል

የአዲስ አበባ መቆርቆር በቤት ውስጥ አየር ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ከተማይቱ ከተመሠረተች ጥቂት ዓመታት ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ። ማገዶ ከማለቁ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከዚህ ስደት ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ በፍጥነት አደገ፣ ከተማይቱም ቀረች። እንጨቱንና ቅጠሉን ከእንጦጦ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ግን ሴቶች ሆኑ። ጢሱን የምትተነፍሰው ሴት እንጨቱንም ተሸካሚ ሆነች ማለት ነው። ዘይት ያለበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ፈጥኖ የሚቀጣጠል፣ እርጥብ ሲሆን ግን ዐይን የሚያጠፋ ጢስ ያለው ማገዶ ነው።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ደግሞ የቆርቆሮ ክዳን እየረከሰና እየተስፋፋ ሄደ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ እሳትም አያነደውም፤ ለባለቤቱም ማዕርግ ነበረ። ነገር ግን እንደ ሣር ክዳን አይተነፍስም። በሣር ቤት ጢሱ በክዳኑ አልፎ ይወጣ እንደነበር ከላይ ተመልክቷል። በቆርቆሮ ቤት መውጫው ተዘጋ። ከሥሩ የአቡጀዲ ኮርኒስ ተወጠረ፤ ንፋስ እንዳይገባ ግድግዳው በጋዜጣ ተለጠፈ። መስኮት ቢኖርም ትንሽ ነበረ፤ በብርድና በሌባ ስጋትም ተዘግቶ ያድር ነበር። በዚህ መልክ የዘመናዊነት ምልክት የሆነው ቤት በአየር በኩል ከጎጆው የባሰ ሆነ። ከውጭ የመጣው ቁስ ከውስጥ የነበረውን ብልሃት ሲተካ፣ የቀድሞው ብልሃት ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን እንደሚሠራው አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም።

በብርሃንም በኩል ኩራዝ ገባ። ከትንሽ ጣሳና ከጨርቅ ክር የሚሠራው ይህ የጋዝ መብራት ስንቱን ተማሪ ለወግ ለማዕርግ አብቅቷል። ሌሊቱን በኩራዝ ሲያጠና ያደረ ተማሪ ግን ጠዋት አፍንጫውን ሲጠርግ ጥላሸት ያገኛል። የጥንቱ ደብተራ ጥላሸቱን ወደ ብራናው ወሰደው፤ የዘመኑ ተማሪ ወደ ሳንባው።

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። ከሰል ከእንጨት ይልቅ ጢሱ ጥቂት በመሆኑ ንጹሕ ይመስላል። ሆኖም ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚወስድ ሰውየው መታፈኑን ሳያውቅ ራሱን ይስታል። በክረምትና በብርድ ወራት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብተው፣ በሩን ዘግተው የተኙ ሰዎች በዚያው መቅረታቸው የተደጋገመ አሳዛኝ ዜና ነው። ፍሙ ዐመድ ለብሶ ጢስ መስጠቱን ቢያቆምም ጋዙ አይቆምም። ስለዚህ ያልጠፋ ከሰል ከሚተኛበት ክፍል መውጣት አለበት። ይህን ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አለማወቅ ግን ሕይወት ይጠይቃል።

መስኮት የመክፈት ትግል

በአውሮፓ ስለ ቤት አየር ሳይንሳዊ ክርክር የተጠናከረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በክፍል ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እየለካ፣ ከአንድ ሺህ አንድ እጅ ካለፈ ክፍሉ በቂ አየር የለውም የሚል መለኪያ አቀረበ። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የታማሚው ክፍል አየር እንደ ውጭው አየር ንጹሕ መሆን እንዳለበት የአስታማሚዎች የመጀመሪያ ሕግ አድርጋ ጻፈች። ሮበርት ኮክ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋሲ ካገኘ በኋላ ደግሞ ዝግ ክፍል በሽታን እንዴት እንደሚያዛምት ግልጽ ሆነ።

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት ወደ ገጠር መውረድ የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የጽዳት ባለሙያዎች ከክኒኑ ጎን ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ውሃና ስለ ቤት አያያዝ አስተምረዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ሴቶችን አሰማርቶ ከአሥራ ስድስቱ የትምህርት ጥቅሎች አንዱን ለጤናማ ቤት መድቧል። ማድ ቤት ከመኖሪያ እንዲለይ፣ ከብት የራሱ ማደሪያ እንዲኖረው፣ መስኮት እንዲከፈት የሚለው ምክር በዚህ መንገድ ከቤት ወደ ቤት ተዳርሷል። በነገሥታቱ ግቢ ለጥቂቶች ብቻ የነበረው መለያየት ለገበሬው ቤት እንደ መብት መነገሩ ራሱ ታሪካዊ ለውጥ ነው።

በምድጃውም በኩል ተደክሟል። በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተቀረጸው «ምርጥ» ምጣድ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ የሚሠራ ሆኖ፣ እሳቱን ዙሪያውን በመክበብ ከክፍት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለከሰልም «ላቀች» የተባለው ምድጃ ወጥቷል። ሆኖም ማገዶ መቆጠብና ጢስ ማጥፋት አንድ አይደሉም። የጢስ ማውጫ የሌለው ምድጃ ጢሱን ይቀንሰዋል እንጂ ከቤት አያስወጣውም።

የዛሬው ሳይንስ ጉዳቱን በአኃዝ ይገልጻል። ከጢስ ውስጥ ዋናው ገዳይ ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ሁለት ተኩል እጅ የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ጥልቅ የሳንባ ክፍል ድረስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ክፍት ጉልቻ በሚነድበት ማድ ቤት የሚለካው ከዚህ በብዙ ዕጥፍ ይበልጣል። ድርጅቱ በ2020 በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ፣ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት እንደሆኑ ገምቷል። የሕፃናቱ ሞት ምክንያት የሳንባ ምች፣ የእናቶቹም የከረመ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመምና የዐይን ሞራ ነው። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት ከመቶው ቤተ ሰብ ከ90 በላይ የሚሆነው በእንጨት፣ በከሰል፣ በእበትና በመሳሰለው ማገዶ ያበስል ነበር። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምጣዱ ፊት የሚውለው ሕፃን ከዚህ አኃዝ ውስጥ መሆኑን ማንም ሊዘነጋ አይገባም።

ኤሌክትሪክ የመጨረሻው መፍትሔ እንደሚሆን ብዙዎች ተስፋ ያደርጋሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይህን ተስፋ አጠናክሮታል። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት የሚጠጋ ኃይል የሚፈልግ በመሆኑ፣ አምፖል የበራበት ቤት ሁሉ እንጀራ ይጋገርበታል ማለት አይደለም። መስመሩ ከመንደሩ እስኪደርስ፣ ምጣዱም ከገበሬዋ ዐቅም ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ መካከል ሊደረግ የሚችለው ብዙ ነው። ማድ ቤቱን ከመኝታ መለየት፣ ከምድጃው በላይ የጢስ መውጫ መክፈት፣ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ መስኮት አድርጎ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ፣ እንጨቱን አድርቆ ማንደድ፣ ሕፃኑን ከእሳት ዳር ማራቅ፣ ሳል የማይለቀው ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ በአያቶች ጭቃና ማገርም የሚቻል ሥራ ነው።

የሚያስፈልገው የቁሳቁስ ለውጥ ብቻ አይደለም። ጢስ መታገሥ የሴትነት ግዴታ፣ የቀላ ዐይንም የታታሪነት ምልክት ተደርጎ የተቆጠረበት ዘመን ረጅም ነው። በአብዛኛው ቤት ቆርቆሮውን፣ አልጋውንና ራዲዮኑን የሚገዛው ወንድ ነው፤ ማድ ቤቱ በመጨረሻ ይታሰባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይታሰብም። ግድግዳ ሲማገር የመስኮቱን ቦታ የሚወስነው ሰው በዚያ ቤት ውስጥ እሳት የምታነደውን ሰው ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ስንት ቤት በሌላ መልክ በተሠራ ነበር! ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔትም በዚህ ድርሻ አላቸው። ድርጊቱ የሚፈጸመው በዕልፍኝ፣ ንግግሩም በዐደባባይ የሆነበት ሥነ ጽሑፍ በሩን አልፎ ወደ ማድ ቤቱ መግባት ይጠበቅበታል።

ቤት የሚቆጠረው በጢሱ የነበረበት ሥርዓት አልፏል። ከእንግዲህ የአንድ ቤት ሀብትና ክብር መለኪያ በውስጡ የሚያድረው ሰው ሳይሳል ማንጋቱ፣ እንጀራ የምትጋግረውም ሴት ዐይኗን ሳትጠርግ ከምጣዱ መነሣቷ ሊሆን ይገባል።